ስድሳ ስድስት

ጣርማ በር ከዋሻው በላይ፣ ቆርቆሮ ለብሳ በቆመች
የመንገድ ሥራ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ሬዲዮ ነበረች፤
እኔ «ጭላዳ» ነኝ በስም፣ እሱ ሸዋ ሮቢት «ዋርካ»፣
የኔን ጥርስ ብርድ ሲያማታ፣ የሱን በር ሙቀት ሲያንኳካ።

ቃል ይቆጠብ ነበር ያኔ፤ ባትሪው ከፀሐይ ነው 'ሚጠጣ፣
ፀሐይ ደግሞ ጣርማ በር ላይ፣ ሐምሌ ከገባ አትወጣ።
ስለዚህ ከግድግዳው ላይ፣ በካርቶን የተጻፈ ዝርዝር፤
ወሬ ሁሉ ተላጭቶ፣ ተመጥኖ በቁጥር።

ሰባት ማለት ጉም ወርዷል፤ ሹፌር እጁን አያይም።
አሥራ ዘጠኝ ናዳ ነው፤ ሳይጠረግ አይታለፍም።
ሠላሳ ሁለት፦ ፍሬን እምቢ ያለው
ቁልቁል እየመጣ ነው።
አርባ አንድ ግን—
አርባ አንድን ስናገር፣ ቁልፉን የምጫነው
በሁለት እጄ ነው።

«ዋርካ ዋርካ፣ ጭላዳ ነኝ። ሰባት፣ እስከ ደብረ ሲና። ቀጥል።»
«ገባኝ ጭላዳ። ሦስት አይሱዙ አለ፣ ሽንኩርት የጫነ። እዚሁ ይደር ልበል?»
«ይደር።» «ይደር፤ ተቀበልኩ።» ከዚያ ሽሽታ፣
እንደ ርጥብ እንጨት እሳት ላይ፣ የሚንጣጣ ዝምታ።

አንድ ኅዳር ነው፤ ውርጩ መስታወቱን ነጭ ሲቀባ፣
ጣቢያ መዝጊያው ስድሳ ነው፤ ያን ብዬ ልተኛ ስገባ፣
ብርዱ ቃሌን ሰባብሮት፣ «ስድሳ... ስ... ስድ...» ብዬ አቆምኩ።
ቆይቶ መጣ ድምፁ፦ «ስድሳ ስድስት። ተቀበልኩ።»

ካርቶኑን አየሁ በፋኖስ፤ ዝርዝሩ ስድሳ ላይ ያልቃል።
የሱ ፈጠራ ነው አልኩ፤ የወንድ ልጅ ነገር፣ ምን ይታወቃል።
መጠየቁን ግን አፈርኩ።
በማግስቱም እኔው ቀደምኩ።

«ስድሳ ስድስት፣ ዋርካ።» «ስድሳ ስድስት።» እንዲህ ሆነ ልማዱ፤
በሷ ተለካ ክረምቱ፣ በሷ ተቆጠረ መንገዱ።
አንዳንድ ቀን «በልተሻል?» ናት፤ አንዳንድ ቀን «ልብስ ደርቢ»፤
ጅብ ከካምፑ አጥር ሲጮህ፣ «በሩን ዝጊ፣ ቤትሽ ግቢ»።

ያ አውቶብስ ገደል የገባ ለት፣
አርባ አንድን ሰባት ጊዜ፣ በተከታታይ ልኬለት፣
እጄ ከቁልፉ አልላቀቅ ሲል፣
«ስድሳ ስድስት» አለኝ ብቻ። እስኪነጋም መስመሩን አልዘጋ፤
ትንፋሹ ይመጣ ነበር፣ በሽሽታው መሀል፣ ከቆላ ደጋ።

ከዚያ ማማ ተተከለ፣ ከተራራው ራስ፣ ቀይና ነጭ፤
ሹፌር ሁሉ ከኪሱ አውጥቶ፣ ወሬ እንደ ጠበል ሲረጭ።
«ሬዲዮና መዝገብ አስረክቡ፤ ደብረ ብርሃን፣ ሰኞ ጧት።»

ሄድኩ። አንድ አጭር ሰው፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ከበሩ ጥግ ቆሟል።
«ጭላዳ?» አለ። ድምፁ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ እንግዳ ሆኗል።
ወንድይፍራው ይባላል ለካ። እኔም አስካለ ነኝ አልኩት።
እጅ ተጨባበጥን፤ ከዚያ፣ «ቀጥይ» እስኪለኝ ጠበቅኩት።

ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት፤ መዝገቦቹን ጎን ለጎን ገልጣ፣
«ይኼ ስድሳ ስድስት ምንድነው? ከዝርዝሩ ላይ የታጣ?»
እኔ በጣቴ ወደሱ። እሱ በጃንጥላው ወደኔ።
«የሷ ነው» አለ። «የሱ ነው» አልኩ።
«ልጠይቃት አፍሬ ነው፣ እስከ ዛሬ።» «እኔም እኮ፣ እኔ...»

ያኔ ትዝ አለኝ ውርጩ፤ ያ የተሰበረ ቃል፣ ያ ሌሊት።
አልተናገርኩም። ልጅቱ
«ትርጉሙ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች፤ ማኅተም መታችበት።

ወጣን። መንገዳችን አንድ ነው፤ ያው ሚኒባስ፣ ያው ዳገት፤
ተራ በተራ አወራን፣ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው በትዕግሥት።
ጉዶ በረትን አልፈን፣ ጉሙ መስኮቱን ሲያለብሰው፣
«ሰባት ነው፣ ቀስ በል» አልኩት፣ ሹፌሩን፣ እንደለመደ ሰው።
«የምን ሰባት ብር? ሒሳብ ከፍላችኋል» አለ በመስታወቱ አይቶኝ።
ከጎኔ ሳቅ መጣ።
ያለ ሽሽታ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ያልሰማሁት፣ ጥርት ብሎ ደረሰኝ።